ለኮምፒውተራችን ድምፅ ትርጉም እንስጠው

ገና ጎሕ ሳይቀድ በሰፈር ውስጥ የዕድር ጥሩንባ ሲነፋ እንቅልፍ የከበደው ሰው እንኳ ከመኝታው ቀና ብሎ ያደምጣል። ይህ የሚሆነው ጥሩንባው ከሌላው ድምፅ ሁሉ በርትቶ ስለሚጮኽ አይደለም። በዚያው ሌሊት ውሾች ይጮኻሉ፤ የጭነት መኪና ያልፋል፤ የጎረቤት በር ይንኳኳል፤ ሰውየው ግን አይነቃም። ጥሩንባው የሚቀሰቅሰው በዚያ ሰዓት ሲነፋ የሚናገረው ነገር አንድ ብቻ በመሆኑ ነው፤ ይኸውም ከመካከላችን ሰው ተለይቷልና ተነሡ የሚል ነው። ጥሩንባ ነፊው በየማለዳው እየዞረ የገበያ ዋጋና የበዓል ሰላምታ ቢለፍፍበት ኖሮ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ትራሱን ጆሮው ላይ ደፍቶ መተኛትን በተማረ ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር ግን እንዲህ ያለ ወግ የለውም። ዛሬ ብዙ የሥራ ክፍሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራሞች ነው። በውጭው ዓለም ስላክና ማይክሮሶፍት ቲምስ፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ለዚህ አገልግሎት ይውላሉ። መልእክት በደረሰ ቁጥር ኮምፒውተሩ አጭር ድምፅ ያሰማል። ኃላፊ ቢጠራ፣ የሥራ ባልደረባ ልጅ ቢወልድ፣ ስብሰባ ቢሰረዝ፣ አንድ ሰው «እሺ» ብቻ ብሎ ቢመልስ ድምፁ ያው ነው። ያንን ድምፅ የመረጠው ደግሞ ተጠቃሚው ሳይሆን ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ነው።

የማሳወቂያ ድምፅን መርጦ መቀየር ብዙውን ጊዜ እንደ ጨዋታ፣ ወይም የኮምፒውተሩን ገጽ በሥዕል እንደማስጌጥ ያለ ትርፍ ነገር ተደርጎ ይታያል። ጸሐፊው በዚህ አይስማማም። ድምፅ መረጃ ነው፤ መረጃ የሚሆነው ግን አንዱ ከሌላው ሲለይ ብቻ ነው። ለሁሉም ነገር የሚጮኽ አንድ ድምፅ ስለምንም ነገር አይናገርም። ስለሆነም የትኛው ጉዳይ በየትኛው ድምፅ እንደሚታወቅ፣ የትኛውስ ጨርሶ ድምፅ እንደማያሻው መወሰን የሥራ አመራር አንድ ክፍል ሊሆን ይገባዋል የሚል እምነት አለኝ።

ሰምተን ያላደመጥነው መልእክት

ለዚህ አስተያየት ያበቃኝ አንድ ገጠመኝ ነው። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቤተ ሙከራ ሃያ የምንሆን ሰዎች በአንድ የመልእክት ቡድን ውስጥ ነበርን። የስብሰባ ጥሪ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የኀዘን መግለጫ፣ የቡና ሰዓት ቀልድ፣ የዕቃ ግዢ ጥያቄ ሁሉ ወደዚያው ይጎርፍ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሌሊት ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ከማቀዝቀዣዎቹ አንዱ ሳይነሣ ቀረ። የቤተ ሙከራው ቴክኒሽያን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይህንኑ ተመልክቶ፣ በውስጡ ያለው ዕቃ ወደ ሌላ ሕንጻ እንዲዛወር የሚያግዙት ሰዎች እንዲመጡ በቡድኑ ላይ ጻፈ። የሁላችንም ኮምፒውተር ጮኸ። በዋዜማው የአንድ ባልደረባችን ልጅ ተመርቃ ስለነበር ከማለዳ ጀምሮ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚሉ መልእክቶች ሲጎርፉ አርፍደዋልና፣ ሁላችንም ያ መልእክት እንደ ሌሎቹ ያለ መሰለን።

መልእክቱ የተነበበው ለምሳ ስንነሣ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ስንደርስ በረዶው ቀልጦ ነበር። ኤንዛይሞቹ ተበላሽተዋል፤ ከሁሉ የከፋው ግን አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በስምንት ወር ልፋት ያሰባሰበቻቸው ናሙናዎች ከጥቅም ውጭ መሆናቸው ነው። በኋላ ስንነጋገር ሁላችንም ድምፁን መስማታችንን አልካድንም። የሰማነውን ግን ማናችንም አላደመጥንም።

በዚያን ዕለት እርስ በርስ ተወቃቀስን። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ግን ጥፋቱ የስንፍና አልነበረም። ጆሯችንና አእምሯችን የሠሩት በተፈጥሯቸው እንዲሠሩ የተሰጣቸውን ሥራ ነው።

ጆሮ የሚለምደውና የማይለምደው

ዐይን ሽፋሽፍት አለው፤ ሲያሻው ይከደናል። ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም። ከፊት፣ ከኋላ፣ በጨለማም ሆነ በእንቅልፍ ጊዜ የሚመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ የማጣራቱ ሥራ በአእምሮ ላይ የወደቀ ነው።

ሩሲያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ አዲስ ድምፅ የሰማ እንስሳ የጀመረውን ነገር አቋርጦ ጆሮውን ወደዚያ እንደሚያቀና አስተውሎ፣ ይህንን ሁኔታ «ምንድን ነው?» የማለት ደመ ነፍሳዊ ምላሽ ብሎት ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው የቭጌኒ ሶኮሎቭ ደግሞ ያው ድምፅ ደጋግሞ ሲሰማ ይህ ምላሽ ቀስ በቀስ እየደከመ እንደሚጠፋ በዝርዝር አጠና። ይህም መላመድ ይባላል። የሶኮሎቭ ሥራ ለእኛ ጉዳይ እጅግ የሚጠቅመው በሚከተለው ምክንያት ነው። የተለመደው ድምፅ በድንገት ሲለወጥ የጠፋው ምላሽ ተመልሶ ይመጣል፤ ለውጡም የግድ ወደ ብርታት መሆን የለበትም። ድምፁ ከቀድሞው ቢቀንስ እንኳ አእምሮ እንደገና ይነቃል። በሌላ አነጋገር አእምሮን የሚቀሰቅሰው ልዩነት እንጂ ጩኸት አይደለም። መልእክት ያመለጠው ሰው በማግስቱ የኮምፒውተሩን ድምፅ ከፍ ቢያደርግ፣ ለጥቂት ቀናት ይጠቅመው ይሆናል፤ ሰንብቶ ግን ከፍ ያለውንም ይለምደዋል።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ታዋቂ ሙከራ አለ። እንግሊዛዊው ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ሰዎች በሁለቱ ጆሯቸው ሁለት የተለያዩ ንግግሮች እየሰሙ የአንደኛውን ብቻ ድምፅ አውጥተው እንዲደግሙ አደረገ። በሌላኛው ጆሮ የገባውን ነገር አድማጮቹ ሊናገሩ የቻሉት ከጥቂቱ በቀር አልነበረም። ኔቪል ሞሬይ ሙከራውን እ.ኤ.አ. በ1959 ሲያራምደው፣ ባልተደመጠው ጆሮ በኩል ብዙ ጊዜ የተደጋገሙ ቃላት እንኳ ሳይታወሱ ሲቀሩ፣ ከአድማጮቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ግን በዚያው በኩል የተጠራውን የራሳቸውን ስም ሰምተው ተገኙ። የራስ ስም ይህን ኀይል ያገኘው ከሕፃንነት ጀምሮ «አንተን ይመለከትሃል» ወይም «አንቺን ይመለከትሻል» ከሚል ትርጉም ጋር ተቆራኝቶ በመኖሩ ነው። የመልእክት ድምፅም ከአንድ ትርጉም ጋር ብቻ ተቆራኝቶ ከኖረ በተወሰነ ደረጃ እንዲህ ያለ ኀይል ሊያገኝ ይችላል። ከሁሉም ጋር ከተቆራኘ ግን ከመንገድ ዳር ጫጫታ የሚለይበት ምክንያት አይኖርም።

ያልተከፈተ መልእክትም ዋጋ ያስከፍላል

እዚህ ላይ አንባቢ «ጆሮ ከለመደውማ ምን ጎዳን? እንተወው» ሊል ይችላል። ችግሩ መላመዱ ፍጹም አለመሆኑ ነው። ድምፁ ለማስነሣት ሳይበቃ፣ ለማሰናከል ግን ይበቃል።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ትኩረት በሚሻ ተግባር ላይ ተጠምደው ሳለ በስልካቸው ማሳወቂያ የመጣባቸው ሰዎች፣ ስልኩን ባያነሡትና ባያዩትም እንኳ ስሕተታቸው ጨምሯል። ድምፁ ብቻውን «ማን ይሆን? ምን ፈልጎ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ስለሚዘራ፣ እጅ በሥራው ላይ ቢሆንም ልብ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ሶፊ ልሯ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ደግሞ፣ አንድ ሰው ከጀመረው ሥራ ወደ ሌላ ሲሻገር የትኩረቱ ቅሪት በቀድሞው ሥራ ላይ ይቀራል፤ በአዲሱ ሥራ የሚያሳየው ውጤትም በዚያው መጠን ይጎዳል።

ግሎሪያ ማርክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረቡት ግኝት ከሁሉ የሚያስገርም ነው። በሥራቸው መካከል የሚቋረጡ ሰዎች ሥራቸውን ካልተቋረጡት ይልቅ በፍጥነት ጨርሰው ተገኙ። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች የበለጠ ውጥረት፣ ብስጭትና የጊዜ ጥበት ተሰምቷቸዋል። ማለትም የጠፋውን ጊዜ የካሱት ከራሳቸው ላይ ወስደው ነው። ይህ ኪሣራ በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ዘገባ ላይ ስለማይታይ ኃላፊዎች አያዩትም፤ ሠራተኛው ግን ማታ ደክሞት ወደ ቤቱ ሲገባ ያውቀዋል።

ከሆስፒታሎች የምንማረው

የድምፅ መብዛት የቱን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ለማየት ወደ ሕሙማን መከታተያ ክፍሎች መመልከት ያስፈልጋል። በዚያ የልብ ትርታን፣ የኦክስጅንን መጠን፣ የመድኀኒት ፍሰትን የሚከታተል መሣሪያ ሁሉ የየራሱ ማስጠንቀቂያ ድምፅ አለው። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን እየመረመረ ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከጃንዋሪ 2009 እስከ ጁን 2012 ባለው ጊዜ ከማስጠንቀቂያ ድምፅ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት እንደተደረጉለትና ከእነርሱም 80ዎቹ በሞት እንደተደመደሙ ገልጿል። በዚያው ማሳሰቢያ እንደተመለከተው ከማስጠንቀቂያ ድምፆቹ ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚገመቱት ምንም የሕክምና እርምጃ የማይጠይቁ ናቸው። ከመቶ ጊዜ ዘጠናውን በከንቱ የተጠራ ነርስ በዘጠና አንደኛው ጊዜ ቢዘገይ የሚያስደንቅ አይደለም። በልጅነታችን የሰማነው ተረት እረኛ በውሸት እየጮኸ መንደሩን አሰለቸ፤ እነዚህ መሣሪያዎች ደግሞ ያለ ውሸት፣ በጩኸታቸው ብዛት ብቻ አሰለቹ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ድምፆቹን መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሻልም ጭምር ነው። ለሕክምና መሣሪያዎች ማስጠንቀቂያ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ለእያንዳንዱ የአደጋ ዓይነት ጥቂት የሙዚቃ ኖታዎችን የያዘ አጭር ዜማ መድቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ዜማዎቹን ለመማርና አንዱን ከሌላው ለመለየት እንደሚያስቸግር በርካታ ጥናቶች አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ማሻሻያ ድምፆቹ ከጉዳዩ ጋር በተፈጥሮ የሚዛመዱ እንዲሆኑ ተደረገ። ለልብና ለደም ዝውውር የልብ ምት የሚመስል ድምፅ፣ ለመድኀኒት ደግሞ በብልቃጥ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ እንክብል የሚመስል ድምፅ ተመረጠ። ይህ ሐሳብ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች አዲስ አይደለም። ዊሊያም ጌቨር የተባሉት ተመራማሪ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ፣ የኮምፒውተር ድምፆች በዕለት ተዕለት ኑሮ ከምናውቃቸው ነገሮች ድምፅ ቢወሰዱ ያለ ትምህርት እንደሚገቡን ሲያስረዱ ቆይተዋል።

ምን ዓይነት ድምፅ እንምረጥ?

ከዚህ በመነሣት ድምፅ ለመምረጥ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነገሮችን ልብ እንዲል እመክራለሁ።

በመጀመሪያ ድምፁ አጭርና ከጉዳዩ ጋር የሚዛመድ ይሁን። የጫማ ጠራጊ ልጅ ብሩሹን በሣጥኑ ላይ ኳ ሲያደርግ ደንበኛው እግር ቀይር እንደተባለ ያውቃል፤ ቃል አያስፈልግም። ስላክ የተባለው ፕሮግራም አብሮት የሚመጣው ድምፅ «ኖክ ብረሽ» የሚል ስም ያለው፣ መንኳኳትን የሚመስል ድምፅ ነው። መንኳኳት በየትም አገር «አንድ ሰው ይፈልግሃል» ማለት ነውና ምርጫው በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በር የሚንኳኳው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለፈ ሰው ሁሉ ሲያንኳኳው የሚውል በር ግን ከጊዜ በኋላ የሚከፍተው አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ይሁን። ከግራ በኩል የመጣ ድምፅ ወደ ግራ ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ከሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም፣ አእምሮ ግን ይለየዋል። ድግግሞሹ ዝቅተኛ የሆነውን ድምፅ በዚህ የጊዜ ልዩነት፣ ከፍተኛ የሆነውን ደግሞ ጭንቅላታችን በሚጥለው የድምፅ ጥላ፣ ማለትም በሁለቱ ጆሮዎች መካከል በሚፈጠረው የብርታት ልዩነት እንለያለን። በሁለቱ መካከል፣ ከ1,500 እስከ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለ ቀጭንና ድብልቅ ያልሆነ ድምፅ ሁለቱም ዘዴዎች ስለሚዳከሙበት ምንጩን ለማወቅ ያስቸግራል። ብዙ ሰው ባለበት ክፍል አንድ ኮምፒውተር «ቲት» ሲል ሁሉም ወደየራሱ ኮምፒውተር የሚያቀረቅረው፣ ድምፁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከመሆኑም በላይ አቅጣጫው ስለማይለይ ጭምር ነው። ብዙ ድግግሞሾችን የያዘ፣ እንደ እንጨት መንኳኳት ወይም እንደ ቁልፍ መንሿሿት ያለ ድምፅ በዚህ ረገድ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የትናንሽ ኮምፒውተሮች ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፅን በደንብ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ የከበሮ ምት የመረጠ ሰው በጆሮ ማዳመጫ የሰማውን በጠረጴዛው ላይ ላያገኘው ይችላል።

አራተኛ፣ የሚወዱትን ዘፈን አይምረጡ። የሚወዱት ዜማ በቀን ሠላሳ ጊዜ ከሥራ መቋረጥ ጋር እየተቆራኘ ሲመጣ ዘፈኑም ይጠላል፣ መልእክቱም አይደመጥም።

«ሁሉንም ዝም ማሰኘት አይሻልም?»

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው። አስቸጋሪውን ድምፅ ጨርሶ ዘግቶ መልእክትን በፈለጉት ሰዓት ማንበብ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ለብዙ መልእክቶች እኔም ይህንኑ እደግፋለሁ። ለሁሉም ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በሕንድ የስልክ ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። ማሳወቂያዎቻቸው ተጠራቅመው በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲደርሷቸው የተደረጉ ሰዎች የተሻለ ትኩረትና አነስተኛ ውጥረት ታይቶባቸዋል። ምንም ማሳወቂያ እንዳይደርሳቸው የተደረጉት ግን ይህንን ጥቅም እምብዛም አላገኙም፤ እንዲያውም ጭንቀታቸውና አንድ ነገር ያመልጠናል የሚለው ስጋታቸው ጨመረ። ፍጹም ዝምታ ሰላም የሚሆነው፣ የሚያስፈልገን ሲመጣ የሚጠራን ነገር እንዳለ ስናምን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ አስቸኳይ ነገር ካለ ስልክ ይደወላል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። የሰው ሕይወትን የሚነካ ነገር ሁሉ በስልክና በአፍ መነገር አለበት፤ የተዘጋ ኮምፒውተር ማንንም አያነቃም። ነገር ግን በስልክ ለመደወል የሚያበቃ መሆኑ ያልታወቀ፣ ቢዘገይ ግን የሚያበላሽ ብዙ ጉዳይ በየዕለቱ ይገጥመናል። የእኛ ቴክኒሽያን ሃያ ሰው ዘንድ መደወል አይችልም ነበር። ሃያ ሰው ዘንድ የሚደርሰውን መንገድ መርጦ ነበር፤ መንገዱ ግን ቀድሞ ተጨናንቆ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ በአፍ የማይነገረው ነው። ብዙ ሠራተኞች ድምፁን የማይዘጉት ኃላፊያቸው ወዲያው መልስ ስለሚጠብቅ ነው። ይህ የድምፅ ማስተካከያ ክፍል የሚፈታው ችግር አይደለም። ሆኖም ድምፆች በትርጉም ከተከፋፈሉ ኃላፊውም ይገደዳል፤ አስቸኳይ የሚለው ነገር በእርግጥ አስቸኳይ መሆኑን ከመላኩ በፊት ራሱን ይጠይቃል።

ምን ይደረግ?

መሣሪያው በእጃችን አለ። ስላክ የድምፅ ዝርዝር አቅርቦ ያስመርጣል፤ ከዚህም ሌላ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁሉም መልእክት፣ ወይም ስም የተጠራበት ብቻ፣ ወይም ምንም እንዳይሰማ ማድረግ ይቻላል፤ ተጠቃሚው የመረጣቸው ቃላት በመልእክት ውስጥ ሲገኙም ያሳውቃል። ቲምስ ለዓመታት አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 መምረጥን ፈቅዷል። ቴሌግራም ከኤፕሪል 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአምስት ሰከንድና ከ300 ኪሎባይት የማይበልጥ ማንኛውንም የድምፅ ፋይል ለማሳወቂያነት እንድንጠቀም፣ ለተለያዩ ሰዎችና ቡድኖችም የተለያየ ድምፅ እንድንመድብ ያስችለናል። የጎደለን ቴክኖሎጂ ሳይሆን ስምምነት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ በሦስት ደረጃ እንዲስማማ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለጠቅላላው ሠራተኛ የሚላኩ መልእክቶች፣ ሰላምታዎችና ማስታወቂያዎች ያለ ድምፅ ይድረሱ፤ ሠራተኛውም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያንብባቸው። ሁለተኛ፣ በስም ለአንድ ሰው የተላከ መልእክት አጭርና ለስላሳ ድምፅ ይኑረው፤ ይህንን ድምፅ እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቱ የተለየ አድርጎ ይምረጥ። ሦስተኛ፣ ለአስቸኳይ ነገር ብቻ የተለየ ቡድንና ከሌሎቹ ፈጽሞ የማይመሳሰል፣ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ የሆነ ድምፅ ይወሰን። በዚያ ቡድን ውስጥ «ደርሶኛል» ከማለት በቀር ሰላምታ፣ ምስጋናም ሆነ አስተያየት አይጻፍ። ድምፁም በወር አንድ ጊዜ ይሞከር። የመጀመሪያውን ደረጃ መርጦ ኮምፒውተሩን ዝም ያሰኘ ሠራተኛ ደግሞ በስንፍና አይታማ፤ እያደረገ ያለው የተስማማበትን ነውና።

እኛም ከዚያ ጉዳት በኋላ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ለአስቸኳዩ ቡድን የመረጥነው ድምፅ ቴክኒሽያናችን የማቀዝቀዣውን በር በቁልፍ ሲመታ በስልኩ የቀዳው የሦስት ሰከንድ ድምፅ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ ከወርኃዊው ሙከራ ውጭ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰማ፤ አንዱ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ሌላው ያው ማቀዝቀዣ እንደገና ቆሞ። ሁለቱንም ጊዜ ከየክፍሉ ወጥተው የሮጡ ሰዎች በመተላለፊያው ላይ ተገናኙ። ያቺ ተማሪ ናሙናዎቿን እንደገና ሰብስባ ጥናቷን ዘግይታም ቢሆን ጨርሳለች፤ በሁለተኛው ጊዜ ናሙናዎቹን ወደ ሌላው ሕንጻ ለማሸጋገር ከሮጡት መካከል አንዷ እርሷ ነበረች።